ኮምፒውተሩ ካርታዬን ያየዋል እንዴ?

ካርታ ከኮምፒውተር ጋር የሚጫወት ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚያነሳው አንድ ክስ አለ። «ይሄ ነገር ካርታዬን እያየ ነው!» ሽንፈት የተደራረበበት ደግሞ ይጨምርበታል። «ጥሩ ጥሩውን ለራሱ ነው የሚያድለው!» ክሱ ዝም ብሎ የብስጭት ወሬ አይደለም። ካርታውን የበወዘውም፣ ያደለውም፣ ተጋጣሚ ሆኖ የተቀመጠውም ያው አንድ ማሽን ነው። ዳኛውም ተጫዋቹም እሱ ከሆነ ማን ይመሰክራል?

ምስክር አለ። የፕሮግራሙ የራሱ ስህተት ነው። በደንብ የተሠራ የካርታ ፕሮግራም የሚሳሳተው እንደ ሰው አይደለም። የሚሳሳትበት የተለየ መልክ አለው። የሌላውን ካርታ የሚያይ ተጫዋች ደግሞ እነዚያን ስህተቶች ቢፈልግም አይሠራቸውም። እነሱን ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል። መታለል አለመታለሉን ይለያል፤ ማሽኑን የሚያሸንፍበትንም መንገድ ያገኛል።

ነገሩን በአንድ ጨዋታ ላይ ላስረዳ። ጨዋታው ስካት ይባላል፤ የጀርመኖች ነው። የተወለደው በ1810ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አልተንቡርግ በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ቱሪንጂያ በሚባለው ክልል ውስጥ ትገኛለች። በስካት ሕግ ላይ ጠብ ሲነሳ ይግባኝ የሚባልበት ችሎትም እዚያው ነው። ቀልድ አይደለም፤ የምር የስካት ችሎት አላቸው። ጀርመን አገር የኖረ ሰው ሦስት ሽማግሌዎች ቢራ ቤት ጥግ ይዘው ሲጫወቱት ሳያይ አይቀርም።

ስካትን የመረጥኩት ካርታው 32 ብቻ ስለሆነ ነው። ሒሳቡን በስልክ ካልኩሌተር መከታተል ይቻላል። ግን ደግሞ የተደበቀ ካርታ አለው፣ ጨረታ አለው፣ ባልደረባ አለው። ኮምፒውተርን የሚያስጨንቀው ነገር አንድም አልጎደለበትም።

አጨዋወቱ ባጭሩ

የሚጫወቱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ካርታ ይታደላል። ሁለት ካርታ ተገልብጦ መሃል ላይ ይቀራል። ከዚያ ጨረታ ነው። ጨረታው ከ18 ይነሳል። ጨረታውን የወሰደው ብቻውን ይጫወታል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይተባበሩበታል።

ብቸኛው ተጫዋች መሃል ያሉትን ሁለት ካርታዎች ያነሳል። ከያዛቸው የማይፈልጋቸውን ሁለት መርጦ በምትካቸው ይደብቃል። ከአራቱ ዓይነቶች (አበባ፣ ስፔድ፣ ልብ፣ ዳይመንድ) ገዢ የሚሆነውን ይናገራል። ገዢ ሌላውን ዓይነት ሁሉ ይመታል። አራቱ ጃኮች ደግሞ ከየትኛውም ዓይነት ይሁኑ ገዢ ናቸው፤ ያውም ከሁሉም በላይ።

በእያንዳንዱ ዙር ሦስቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ። መጀመሪያ የተጣለውን ዓይነት የያዘ ሰው ያንኑ የመጣል ግዴታ አለበት። የሌለው የፈለገውን ይጥላል። ይህን ሕግ ያዙት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ነጥቡ እንዲህ ነው። አስ 11፣ አሥር ቁጥር 10፣ ንጉሥ 4፣ ንግሥት 3፣ ጃክ 2። የቀሩት ባዶ ናቸው። ድምሩ 120 ነው። ብቸኛው 61 ካገኘ አሸነፈ፤ 60 ካገኘ ተሸነፈ። የደበቃቸው ሁለቱ ካርታዎችም ለእሱ ይቆጠሩለታል። ስካት ሌሎች የጨዋታ ዓይነቶችም አሉት። ለዛሬ ግን ይህ ይበቃናል።

ስንት ነገር ነው የተደበቀው?

ከቼዝ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በቼዝ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው። ኮምፒውተሩ «እንዲህ ባደርግ፣ እሱ እንዲህ ቢያደርግ» እያለ ወደፊት ያሰላል። በካርታ ግን ከየት ይጀምር? ተጋጣሚው የያዘውን አያውቅም።

እንቁጠር። ስካት በጠቅላላው 2,753,294,408,504,640 ዓይነት እደላ ይኖረዋል። ይህ ቁጥር ያስፈራል። ግን ማንም ከዜሮ አይጀምርም፤ የራሱን ካርታ ያያል። ከሁለቱ ተባባሪዎች አንዱ ናችሁ እንበል። አሥር ካርታ ይዛችኋል፤ ሃያ ሁለቱ አይታዩአችሁም። እነሱ ሊደለደሉ የሚችሉባቸው መንገዶች 42,678,636 ናቸው። ብቸኛው ተጫዋች ደግሞ ይበልጥ ዕድለኛ ነው። አሥር ይዟል፤ መሃል ያሉትንም ሁለቱን አይቷል። የቀረው ሃያ ካርታ ለሁለቱ ተጋጣሚዎቹ እንዴት እንደተከፈለ ብቻ ነው የማያውቀው። መንገዶቹ 184,756 ናቸው።

አሁን ጨዋታው ይጀመር። አምስት ዙር ካለፈ በኋላ የብቸኛው ተጫዋች 184,756 ምን ያህል የሚሆን ይመስላችኋል? 252 ብቻ። ሰባት ዙር ሲያልፍ 20። ያውም ማን የትኛው ዓይነት እንዳለቀበት ሳንቆጥር ነው። ልብ ሲጠየቅ ዳይመንድ የጣለ ሰው ልብ የለውም፤ ግዴታ ነበረበትና። ይህ ሲጨመር ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል።

እንግዲህ «ካርታዬን አየ» የሚያስብለው ነገር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ሁሉንም የወደቀ ካርታ የሚያስታውስ ተጫዋች ካርታችሁን ማየት ብዙም አያስፈልገውም። ጎበዝ የስካት ተጫዋችም ይህን ያደርጋል። ልዩነቱ ማሽኑ አይደክመውም፣ ቢራም አይጠጣም።

ፕሮግራሙ የሚያስበው በምናብ እያደለ ነው

መጀመሪያ ላይስ? 42 ሚሊዮን መንገድ እያለ ምን ያደርጋል?

አብዛኞቹ ጎበዝ የስካትና የብሪጅ (ሌላ ታዋቂ የካርታ ጨዋታ ነው) ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ አንድ ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የማያያቸውን ካርታዎች በምናቡ በውዞ ለሌሎቹ ያድላል። ከዚያ ሁሉም ካርታ ተገልጦ የተዘረጋ ያህል ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ያሰላል። «በዚህ እደላ የልብ አስ ብጥል አሸንፋለሁ፤ የስፔድ ሰባት ብጥል እሸነፋለሁ» ብሎ ይመዘግባል። እንደገና ይበውዛል። እንደገና ያሰላል። በሰከንድ ውስጥ ይህን ደጋግሞ ይሠራዋል። በመጨረሻ በብዙ ምናባዊ እደላ ያሸነፈውን ካርታ ይጥላል።

ተገልጦ የተዘረጋ ጨዋታን ማስላት ለኮምፒውተር ችግር አይደለም። አሥር ዙር ነው ያለው። የማይረቡትን መንገዶች ቶሎ እየቆረጠ ይሄዳል። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በምናቡ የሚያድለው እደላ ከእውነታው ጋር ምን ያህል ይቀራረባል?

እዚህ ላይ ከርሚት የሚባለው ፕሮግራም ይነሳል። ካናዳ ኤድመንተን በሚገኘው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሚሻኤል ቡሮና ባልደረቦቹ ሠርተውት በ2009 ያስተዋወቁት የስካት ተጫዋች ነው። ቡሮ ለማሽን ተጫዋች አዲስ አይደለም። በ1997 ኦቴሎ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን ታኬሺ ሙራካሚን 6 ለ 0 የረታው ሎጂስቴሎ የእሱ ሥራ ነው። ከርሚት በኢንተርኔት ከተደረጉ ሚሊዮኖች የሰው ጨዋታዎች ተምሯል። «እንዲህ ዓይነት ካርታ የያዘ ሰው እስከ ስንት ድረስ ይጫረታል? ምን ያህል ጊዜስ ያሸንፋል?» የሚለውን ከዚያ ያወጣል። ስለዚህ ጨረታ ላይ እስከ ከፍተኛ ቁጥር ድረስ የሄደ ተጋጣሚ ሲያጋጥመው በምናቡ ባዶ ካርታ አያድልለትም። ከሰው ምርጦች ጋር ሊስተካከል የደረሰውም በዚህ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያለው ነፃ ፕሮግራም ግን ከርሚት ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ጨረታውን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል። የትኛው እንደሆነ መፈተኛውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

መልሱን ይዞ እንደሚፈተን ተማሪ

አሁን ወደ ስህተቱ።

ሁለት ዙር ቀርቷል እንበል። የያዛችሁት የልብ አስና የስፔድ አስ ነው። ተጋጣሚያችሁ የሌላችሁን ዓይነት ጣለ፤ ዳይመንድ ይሁን። ገዢ አልቋል። ከሁለቱ አሶች አንዱን መጣል አለባችሁ። የምታስቀሩት አስ ዋጋ የሚኖረው ተጋጣሚያችሁ በመጨረሻው ዙር የሚጥለው ካርታ ከእሱ ዓይነት ከሆነ ነው። ልብ ከያዘ የልብ አስ ማስቀረት ነበረባችሁ። ስፔድ ከያዘ የስፔዱን። ፍንጭ የላችሁም። ግማሽ በግማሽ ነው።

ሰው ይህን አስቀድሞ ይፈራዋል። ከሦስት ዙር በፊት «እዚያ ውስጥ መግባት የለብኝም» ብሎ 61ን በአስተማማኝ መንገድ የሚያመጣበትን ካርታ ይጥላል። ፕሮግራሙስ?

ፕሮግራሙ ከሦስት ዙር በፊት ቆሞ ሁለቱን መንገዶች ያነጻጽራል። አስተማማኙ መንገድ በሁሉም ምናባዊ እደላ ያሸንፋል። መቶ በመቶ። ሁለተኛው መንገድ ወደዚያ የሁለት አሶች ጣጣ ይወስዳል። ግን እያንዳንዱ ምናባዊ እደላ ተገልጦ የተዘረጋ ነው። ተጋጣሚው ልብ በያዘበት እደላ ፕሮግራሙ ልቡን ያስቀራል፤ አሸነፈ። ስፔድ በያዘበት እደላ ስፔዱን ያስቀራል፤ አሸነፈ። እዚህም መቶ በመቶ! ስለዚህ ለእሱ ሁለቱ መንገዶች እኩል ናቸው። ባወጣ ያውጣው ብሎ አንዱን ይጥላል። እውነተኛው ጨዋታ እዚያ ሲደርስ ግን ምናቡ ውስጥ ያየው ካርታ የለም። ፍጥጥ ብሎ ግማሽ በግማሽ ይገምታል።

መልሱን ደብተር ውስጥ ይዞ ሲለማመድ የከረመ ተማሪ ዓይነት ነው። ሲለማመድ አንድም አይሳሳትም። ፈተናው ቀን ደብተሩን ይቀሙታል።

ኢያን ፍራንክና ዴቪድ ባሲን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ድክመት በብሪጅ ላይ ተንትነው በ1998 አሳትመውታል። በተለያዩ ምናባዊ እደላዎች ውስጥ የሚሠሩ የተለያዩ ውሳኔዎችን፣ በአንድ እውነተኛ ጨዋታ ውስጥ ሊወሰኑ እንደሚችሉ አድርጎ መቀላቀል ነው ነገሩ።

ከዚሁ ሥር የሚወጣ ሌላ ነገር አለ። ፕሮግራሙ መረጃ ዋጋ እንዳለው አይገባውም። ሰው አንዳንዴ ካርታ የሚጥለው ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ ነው። «ይህን ልጣልና የሚሆነውን ልይ» ይላል። ለፕሮግራሙ ግን በእያንዳንዱ ምናብ ውስጥ ሁሉም ነገር የታወቀ ነው። ምን ብሎ ይጠይቃል? መደበቅም እንዲሁ ነው። ሌሎቹም ሁሉን እንደሚያዩ አድርጎ ስለሚያሰላ ካርታውን የሚሰውርበት ምክንያት አይታየውም።

እንግዲህ ያልኩት ምስክር ይህ ነው። የምር ካርታችሁን የሚያይ ፕሮግራም ቢኖር የሁለቱን አሶች ምርጫ ሁልጊዜ በትክክል ይመልሳል። የሚገምት ፕሮግራም ግማሹን ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ጥርጣሬ ከገባችሁ ሽንፈታችሁን አትቁጠሩ። ሽንፈት ብዙ ምክንያት አለው። ግማሽ በግማሽ የሆኑትን ውሳኔዎች ብቻ ለይታችሁ መዝግቡ። ከሠላሳ አሥራ አምስት አካባቢ ከሆነ ንጹሕ ነው። ሃያ ስምንት ከሆነ ፕሮግራሙን አጥፉት።

ታዲያ ይህን ያህል ጉድለት እያለው እንዴት ያሸንፈናል?

የአልበርታዎቹ ሰዎች ራሳቸው ይህን ጥያቄ አንስተው በ2010 ጥናት አውጥተውበታል። ካገኙት መልስ ዋናው ክፍል ከላይ በቆጠርነው ውስጥ አለ። 184,756 በአምስት ዙር 252 ይሆናል። ምስጢሩ በራሱ ጊዜ እየተገለጠ ይሄዳል። ሁሉንም አውቃለሁ ብሎ መነሳት መጀመሪያ ላይ ውሸት ነው፤ እየቆየ ግን ወደ እውነት ይጠጋል። ውሸቱ የሚጎዳበት ጊዜ አጭር ነው።

ፖከር ላይ ይህ ዘዴ ገደል ይገባል። በፖከር ምስጢሩ እየተገለጠ አይሄድም። ተጋጣሚያችሁ ገንዘብ ሲጨምር ፈርታችሁ ከተዋችሁ የያዘውን ሳታዩ ካርታው ይሰበሰባል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ፕሮግራም ደግሞ ብለፍ ማድረግ (ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ መምሰል) አይችልም። ደካማ ካርታ ይዞ ገንዘብ ቢጨምር በምናቡ ውስጥ ተጋጣሚው ካርታውን ያየዋልና ይስቅበታል።

ስለዚህ ለፖከር ሌላ መንገድ ተፈልጓል። ይህን ለመረዳት ሃሮልድ ኩን በ1950 ያቀረበው ትንሽ ፖከር ይበቃል። ካርታው ሦስት ብቻ ነው፤ ጃክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ። ተጫዋቹ ሁለት ነው። ሁለቱም አንድ አንድ ብር ያስይዛሉ፤ አንድ አንድ ካርታ ይደርሳቸዋል። ከዚያ አንድ ብር መጨመር ወይም ዝም ማለት ነው። የተጨመረበት ሰው ወይ አንድ ብር ከፍሎ ያያል፣ ወይ ይተዋል። ትልቁ ካርታ ይወስዳል።

መጀመሪያ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ እንበል። ጃክ ከደረሳችሁ ካርታ ከተገለጠ መሸነፋችሁ እርግጥ ነው። ብር የምትጨምሩት ንጉሥ ሲደርሳችሁ ብቻ ቢሆንስ? ተጋጣሚያችሁ ይነቃል። በጨመራችሁ ቁጥር ንግሥቱን ይዞ ይተዋል፤ ንጉሣችሁ ምንም አያተርፍም። በጃክም ሁልጊዜ ብትጨምሩስ? አሁንም ይነቃል። ሁልጊዜ ከፍሎ ያያል።

ትክክለኛው መጠን በሒሳብ ይወጣል። በንጉሥ ሁልጊዜ ብትጨምሩ በጃክ ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ጨምሩ። ያኔ ከምትጨምሩባቸው አራት ጊዜዎች ሦስቱ እውነት፣ አንዱ ውሸት ነው። ንግሥት የያዘው ተጋጣሚያችሁ ሒሳቡን ይሥራ። መሃል ላይ ሦስት ብር አለ። ለማየት አንድ ብር ይከፍላል። ከአራት አንዴ ሦስት ብር ያገኛል፤ ሦስቴ አንድ አንድ ብር ያጣል። ድምሩ ዜሮ። ቢያይም ቢተውም ለውጥ የለውም። ቆንጆው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብለፍ የድፍረት ወይም የፊት አያያዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልክ ያለው ነገር ነው፤ ከበዛም ካነሰም ያስከፍላል።

ትልልቅ ፖከሮች ላይ ይህን ልክ በእጅ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ማሽኑ ከራሱ ጋር ይጫወታል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ «ያኔ ሌላውን ባደርግ ኖሮ ስንት ይሻለኝ ነበር?» ብሎ ጸጸቱን በቁጥር ይመዘግባል። ብዙ ወደተጸጸተበት ምርጫ እያዘነበለ እንደገና ይጫወታል። ጸጸቱ እያነሰ ሲሄድ ሚዛኑ ይገኛል። ሴፌየስ የተባለው ፕሮግራም በ2015 በሁለት ሰው የሚደረገውንና የመጨመሪያው መጠን የተገደበውን ቴክሳስ ሆልደም የሚባል የፖከር ዓይነት በዚህ መንገድ ከሞላ ጎደል ፈትቶታል። 200 ኮምፒውተሮች ከሁለት ወር በላይ ሠርተውበታል። እሱም የአልበርታ ሥራ ነው። በ2017 ደግሞ ሊብራተስ የተባለ ሌላ የፖከር ፕሮግራም ፒትስበርግ ውስጥ ከአራት ባለሙያዎች ጋር በ20 ቀን 120,000 ጨዋታ አድርጎ አሸንፏቸዋል። እነዚህ ግን ስልካችን ላይ ያሉት ዓይነት አይደሉም።

«ጥሩውን ለራሱ ያድላል» የሚለውስ?

ይህ ክስ ሌላ ነገር ነው። የበወዛ ጉዳይ ነው።

ሰው ሲበውዝ በደንብ አይበውዝም። ካለፈው ጨዋታ የተሰበሰበው ካርታ በየዓይነቱ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ልብ ሲጠየቅ ልብ ነው የሚጣለውና። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ ሲደረግ ያ መጣበቅ አይጠፋም። ሲታደል ተጣብቀው የነበሩት ልቦች ለሦስቱም ይከፋፈላሉ። ውጤቱ ለስለስ ያለ እደላ ነው፤ ለሁሉም ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። እኛም ትክክለኛ እደላ ያ ይመስለናል። ኮምፒውተር በትክክል ሲበውዝ ግን ለአንዱ ሰባት ልብ፣ ለሌላው ዜሮ የሚደርስበት ጊዜ ይበዛል። ብሪጅ ተጫዋቾችም የኮምፒውተር እደላ ሲጀመር እደላው ተበላሸ ብለው አጉረምርመዋል። የተበላሸው የድሮው ነበር።

ፍጥነቱም አለ። በስካት አራቱም ጃኮች ለእናንተ የሚደርሱበት ዕድል ከ171 ጨዋታ አንዴ ነው። ከሦስታችሁ ለአንዳችሁ የሚደርስበት ደግሞ ከ57 አንዴ። በክለብ ሦስት ሰው ያለው አንድ ጠረጴዛ በአንድ ተከታታይ ውድድር የሚጫወተው 36 ጨዋታ ነው። በስልክ ግን ማንም አይበውዝም፣ ማንም ነጥብ አይጽፍም፣ ማንም አያወራም። 57 ጨዋታ ሳይታወቅ ያልቃል። ሌላው ሰው አራቱንም ጃኮች ሲይዝ በሳምንት ስንት ጊዜ አያችሁ? ብዙ። ግን ስንት ጊዜ ተጫወታችሁ?

ይህን ስል ማሽኑን ነፃ እያወጣሁት አይደለም። የበወዛ ስህተት የምር አጋጥሟል። ኮምፒውተር ዕጣ የሚያወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ ነው። መነሻው አንድ ከሆነ እደላውም አንድ ነው። በ1999 አንድ የኢንተርኔት ፖከር ቤት መነሻ ቁጥሩን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነበር፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፈው ሚሊሰከንድ። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ሚሊሰከንድ 86,400,000 ብቻ ነው። የደኅንነት ባለሙያዎች ይህን ደረሱበት። የራሳቸውን ሰዓት ከፖከር ቤቱ ሰዓት ጋር አስተካከሉና የደረሷቸውን ጥቂት ካርታዎች አይተው የሁሉንም ካርታ ማወቅ ቻሉ። ስህተቱ ግን የሚጠቅመው ማሽኑን አልነበረም። ቀድሞ የነቃውን ሰው ነው።

መጠነኛው ስህተት ይበልጥ የተለመደ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች መነሻ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ4,294,967,296 አይበልጥም። ለስካት ይህ ከሚቻሉት እደላዎች ከ640 ሺህ አንዱን ብቻ ይሸፍናል። የቀሩት እደላዎች በዚያ ፕሮግራም ላይ መቼም አይወጡም። ለተጫዋቹ ግን ልዩነቱ አይሰማውም፤ አራት ቢሊዮን ጨዋታ ማን ይጨርሳል?

ስትጫወቱበት

መጀመሪያ ያልኳችሁ ፈተና። ጥሩ ካርታ ይዛችሁ ሆን ብላችሁ ጨረታውን በዝቅተኛ ቁጥር ላይ ተዉት። ከዚያ በተባባሪነት ስትጫወቱ ብቸኛው የሆነውን ፕሮግራም ተመልከቱት። ጨረታ የሚሰማ ፕሮግራም ከሆነ ትልልቆቹ ካርታዎች በሌላው ተባባሪ ዘንድ ናቸው ብሎ ይጫወታል። ደጋግማችሁ ሞክሩት። አጨዋወቱ ካልተለወጠ ጨረታ ለእሱ ጌጥ ነው።

ማስመሰል ግን ብዙ አያዋጣም። ሰው ፊት ንግሥት መጣል ሲገባችሁ ንጉሥ ጥላችሁ ግራ ታጋቡታላችሁ። ቀላሉ ፕሮግራም የሚያነበው ማን የትኛው ዓይነት እንዳለቀበት ብቻ ነው። ያ ብልሃታችሁ ያልፈዋል። ያለምክንያት በሦስት ነጥብ ፋንታ አራት ትጥላላችሁ።

ብቸኛው እናንተ ስትሆኑና ሁለቱ ተጋጣሚዎቻችሁ ፕሮግራም ሲሆኑ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በምናባቸው እናንተም ሁሉን ታያላችሁ። ስለዚህ ካርታችሁ በትክክለኛ አጨዋወት የሚያሸንፍ ከሆነ ፕሮግራሞቹ «አለቀ» ይላሉ። ምንም ቢጥሉ በስሌታቸው ይሸነፋሉ፤ ሁሉም ካርታ እኩል ዜሮ ነው። ያኔ አስም ቢሆን እንደ ዋዛ ሊወረውሩላችሁ ይችላሉ። ጎበዝ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። መሸነፉን ቢያውቅም እናንተ አለማወቃችሁን ያውቃል፤ ስለዚህ እንድትሳሳቱ የሚያደርግ ካርታ ይመርጣል። ፕሮግራሙ ድንገት ለጋስ ከሆነላችሁ እንግዲህ ትርጉሙ ይኸው ነው። ማሸነፊያ መንገድ አላችሁ ማለት ነው። ቆም ብላችሁ ፈልጉት።

ባልደረባችሁ ፕሮግራም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰው ባልደረባ የሚጥለውን ካርታ መርጦ «ስፔድ ላይ ጠንካራ ነኝ» ብሎ ይነግራችኋል። ፕሮግራሙ አይነግራችሁም፤ በስሌቱ ካርታውን እያያችሁት ነው። እናንተም በካርታ የምትልኩለትን መልእክት ላያነበው ይችላል። የስፔድ አሱን ይዞ፣ ስፔድ እንድትጥሉለት እየጠበቀ፣ አንዲት ፍንጭ ሳይሰጣችሁ ጨዋታው ያልቃል። ስለዚህ ከፕሮግራም ጋር ስትተባበሩ የጣለውን ካርታ እንደ መልእክት አትቁጠሩት። የወደቀውን ቁጠሩ፣ የቀረውን አስሉ፣ እንደ ብቸኛ ተጫዋች አስቡ።